ታላላቅ የቴክኖሎጂ ጉባኤዎች ወይስ ትናንሽ መሰባሰቦች፦ በከተማው ዳር ለምንኖር ባለሙያዎች የትኛው ይጠቅማል?

ሰርቨር ጠባቂ (ቱሉ ዲምቱ)

መሥሪያ ቤታችን በያዝነው ዓመት የአንድ ባለሙያ የጉባኤ ወጪ ለመሸፈን ፈቃደኛ ሆኗል፤ የት ይኬድ የሚለውን ግን ለእኛው ትቶታል። አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ዓይናቸውን የጣሉት በዱባዩ ጂቴክስ ወይም ሰባ ሺህ ገደማ ሰው በሚታደምበት በሊዝበኑ ዌብ ሰሚት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ያው ገንዘብ እዚሁ በከተማችን ዳር ሠላሳ አርባ ባለሙያዎች በየወሩ የሚገናኙበትን መድረክ ለማቋቋም ቢውል የበለጠ ይጠቅማል ባይ ነኝ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ እንድትሞግቱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዋናው ምክንያቴ ሰው ስለ ደረሰበት ውድቀት በግልጽ የሚናገረው በትንሽ ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። በታላቅ መድረክ ላይ የሚቆም ተናጋሪ የመሥሪያ ቤቱን ስም ተሸክሞ ነው የሚቆመው፤ ንግግሩ ይቀረጻል፣ ደንበኞቹም ተፎካካሪዎቹም ያዳምጡታል፤ ስለዚህ የሚያቀርበው የተሳካለትን ብቻ ነው። እኛን የሚያስተምረን ግን በአብዛኛው ያልተሳካው ነው። ለምሳሌ አንዳንድ ዲስኮች መረጃው በቋሚነት ሳይጻፍ፣ ገና በጊዜያዊ ማከማቻቸው ውስጥ እያለ «ተጽፏል» ብለው ለዳታቤዙ (መረጃውን አደራጅቶ ለሚይዘው ፕሮግራም) ያሳውቃሉ። ዳታቤዙም አምኖ ግብይቱን ያጸድቃል። በዚያች ቅጽበት መብራት ከጠፋና ጊዜያዊ ማከማቻው የራሱ ባትሪ ከሌለው፣ ጸድቋል የተባለው ግብይት ይጠፋል፤ ከባሰም የዳታቤዙ ፋይል ይበላሻል። እዚህ ድረስ ያለውን ማንም ከመጽሐፍ ያገኘዋል። ገበያችን ላይ ካሉት ዲስኮች የትኛው እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) ጄነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ በእርግጥ ይቆይ እንደሆነ የሚነግረን ግን የደረሰበት ባልደረባ ነው፤ እርሱም የሚናገረው አጠገቡ የተቀመጡትን በስም ሲያውቃቸው ነው።

ሌላው ጉዳይ የእኛ ብቻ የሆኑ ችግሮች መኖራቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት የ2016 አዲስ ዓመት የዋለው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» በሚል ግምት የተጻፈ ፕሮግራም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ቢያንስ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑን በአንድ ያዛባል፤ ደመወዝ፣ ወለድና የውል ማብቂያ በሚሰላበት ሥርዓት ውስጥ ደግሞ አንድ ቀን ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ጉዳይ በባርሴሎናም ሆነ በላስ ቬጋስ አጀንዳ የሚያደርገው የለም፤ እንዲያደርገውም አይጠበቅም።

አርባ ሰው በየወሩ ቢገናኝ እያንዳንዱ ከሠላሳ ዘጠኙ ጋር ዓመት ሳይሞላ በወጉ ተነጋግሮ ይጨርሳል። በሰባ ሺህ ሰው መካከል ግን የሚገኘው ትውውቅ ብዙውን ጊዜ ከአድራሻ ልውውጥ አያልፍም።

የቂሊንጦው መምህር

ሰላምታዬ ለእርስዎና ለተከታታዮች ሁሉ ይድረስ። ስለ ውድቀት የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ መደምደሚያዎን ግን አልቀበልም። እርስዎ የሚናገሩት ሥራ ካለውና ችግር ሲገጥመው ማንን እንደሚጠይቅ ከሚያውቅ ባለሙያ አንጻር ነው። እኔ የማስተምራቸው ወጣቶች የሚያነቡትን ጥናት የጻፈው ሰው እንደ እነርሱ ተጠራጥሮ፣ ሞክሮ፣ ደግሞ ሞክሮ የጻፈው መሆኑን በዓይናቸው አይተው የሚያምኑበት አጋጣሚ የላቸውም፤ ይህን የሚሰጣቸው ታላቁ ጉባኤ ነው።

ስለ ታላላቅ ጉባኤዎች ስናወራ ደግሞ እኛ ከእነርሱ የራቅነው በገንዘብ ማጣት ብቻ እንዳልሆነ መታወስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 በሞንትሪያል ለተካሄደው ኒውሪፕስ ለተሰኘው የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የማድረግ ሙያ) ጉባኤ ለሽያጭ የቀረቡት ትኬቶች 12 ደቂቃ ሳይሞላ አልቀዋል። በዚያ ዓመትም ሆነ በቀጣዩ ዓመት በቫንኩቨር ሲካሄድ፣ ሥራቸውን እንዲያቀርቡ የተጋበዙ በርካታ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የካናዳ ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። አይ.ሲ.ኤል.አር. የተባለው ሌላው ታላቅ ጉባኤ እ.ኤ.አ. የ2020ውን ስብሰባ አዲስ አበባ፣ ሚሌኒየም አዳራሽ ለማካሄድ ሲወስን ይህ የቪዛ ችግር በሰፊው እየተነሣ ነበር። ኮቪድ መጣና ጉባኤው ሙሉ በሙሉ ወደ ኦንላይን ተዛወረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ያስተናገደችው ኪጋሊ ነበረች። ያ ዕድል ከእጃችን መውጣቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቪዛ የሚጠየቀው እንግዳው ሆኖ፣ ተማሪዎቼ በከተማ ታክሲ ሄደው የሚገቡበት ጉባኤ ነበርና።

ሆኖም ከዚያ ጉባኤ አንድ ቁም ነገር ተርፏል። ከእርሱ ጋር እንዲካሄድ የታሰበው የአፍሪካ ቋንቋዎች የኮምፒውተር ጥናት ዐውደ ጥናት በኦንላይን ተካሂዶ፣ ከዚያ ወዲህም ቀጥሏል። ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ በጽሑፍ ውስጥ ያሉ ስሞችን ለመለየት ባዘጋጀው የመረጃ ክምችት ውስጥ አማርኛ ይገኝበታል። ይህን የሠሩት ሰዎች በብዛት የሚገናኙት በታላላቅ ጉባኤዎች ጥላ ሥር በሚከፈቱ ትናንሽ ክፍሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ «ታላቅ ወይስ ትንሽ» ብሎ መቁረጥ ለእኔ አይሆንልኝም፤ ታላቁ ባይኖር ትንሹ ክፍል ማንን ይሰበስብ ነበር?

የጎሮ ነጋዴ

እኔ የኔትወርክ ዕቃ አስመጪ ነኝ፤ ነገሩን የማየው ከሥራዬ አንጻር ነው። ዕቃውን በእጄ ይዤ፣ ክብደቱንና ሙቀቱን አይቼ፣ ዋስትናውን የሚሰጠው ወኪል ማን እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቄ ካልሆነ በቀር በካታሎግ ብቻ ማዘዝ አልፈልግም። አምስት አምራቾችን በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ እያወዳደርኩ የማነጋግረው በታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ ብቻ ነው። በመድረኩ ላይ የሚነገረውን ግን አልከታተልም፤ ጊዜዬን በሙሉ የማሳልፈው ዕቃዎቹ ከተደረደሩበት ቦታ ነው። ለሰርቨር ጠባቂ ወንድማችን ትንሹ ሊበጀው ይችላል፤ ለነጋዴ አይበጅም።

የኮዬዋ ፕሮግራመር

እስካሁን ያነበብኳቸው ሐሳቦች በሙሉ ትንሽ መሰባሰብ ቅርብና ክፍት እንደሆነ አድርገው ተነሥተዋል። ሁለቱም ግን እንዲሁ የሚገኙ ነገሮች አይደሉም።

ቅርበቱን በተመለከተ፣ በከተማችን የማውቃቸው አብዛኞቹ ትናንሽ የባለሙያ መሰባሰቦች የሚካሄዱት ቦሌ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ፣ ሰው ከሥራ ከወጣ በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ውይይቱ ሞቅ የሚለው ደግሞ ለእኔ ተነሥቶ መሄጃዬ ሲደርስ ነው። ወደ ኮዬ ፈጬ የሚመጣ ሰው የምሽቱን የታክሲ ሰልፍ ያውቀዋል፤ ለሴት ደግሞ ከመጨረሻው ፌርማታ እስከ ብሎኳ ያለው መንገድ ሌላ ጥያቄ ነው። ታላቁ ጉባኤ ግን በቀን ይካሄዳል። ሲኤምሲ አካባቢ የተሠራው አዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዲያውም ሰው ከመሀል ከተማ ወደ ዳር መምጣት ጀምሯል፤ እኔም በቀን ሄጄ በቀን እመለሳለሁ። ስለዚህ ለእኔ እስካሁን የቀረበኝ ታላቁ ነው።

ስለ ክፍትነቱ ደግሞ ልናገር። አርባ ሰዎች በስም መተዋወቃቸው ለአርባ አንደኛዋ ግድግዳ ሊሆንባት ይችላል። ከዓመታት በፊት አብረው የተማሩና አብረው የሠሩ ሰዎች መካከል የገባች ሴት፣ ውይይቱ ካለፈው ወር ወሬ ሲቀጥል፣ ጥያቄዋም «እሱን እኮ ተነጋግረንበታል» ሲባል፣ ሁለተኛ አትመለስም። ማንም ሊያስከፋት አስቦ አይደለም። በሺዎች መካከል ግን ሁሉም እንግዳ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እኔን የሚያናግርበት ምክንያት እኔም እርሱን ከማናግርበት ምክንያት ጋር እኩል ነው። ሰርቨር ጠባቂ ሆይ፣ የሚያቋቁሙት መድረክ ለአዲስ መጪ ምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚኖረው ካልነገሩን በስተቀር ትንሽነቱን ብቻ እንደ መልካምነት ልቆጥረው አልችልም።

ሰርቨር ጠባቂ (ቱሉ ዲምቱ)

እህቴ፣ ይህን ስላነሡት ከልብ አመሰግናለሁ። ሰዓቱን በሚመለከት ሐሳቤ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ቦታውም ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቂሊንጦና ከኮዬ ፈጬ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበት እንዲሆን ነው። መድረኩ ከተማው ዳር ይሁን ስል ትርጉሙ ይህ ነበር፤ የቦሌው ሰው አንድ ጊዜ ወደኛ ይምጣ።

ለአዲስ መጪ የሚሆነውን ሥርዓት ግን እርስዎው ቢያቀርቡልን እመርጣለሁ፤ ጉዳቱን የሚያውቀው የደረሰበት ነውና። በበኩሌ የማስበው በየስብሰባው የመጀመሪያው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሰው እንዲሰጥና ያለፈው ወር ውይይት በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ አስቀድሞ እንዲሰራጭ ነው።

መምህር፣ በእርስዎ ሐሳብ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ወደ ውጭ ሲልክ የተማረው ነገር በዚያው ሰው ዘንድ ይቀራል። የጉዞ ሪፖርት ይጻፋል፣ ሪፖርቱ ፋይል ይደረጋል፣ አንብቦ የሚጠይቅ የለም። የታላቁ ጉባኤ ጥቅም ወደ ሌላው የሚተላለፍበት መንገድ ከሌለ ገንዘቡ የወጣው ለአንድ ግለሰብ ነው።

አስተባባሪ (አያት)

በሁለቱም ዓይነት ዝግጅቶች ላይ በአስተባባሪነት ስለሠራሁ ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ላካፍላችሁ።

ታላቅ ጉባኤ ውድ ነው፤ ውድ ስለሆነም ስፖንሰር ያስፈልገዋል፤ ስፖንሰር ስላለውም የመድረኩ ጊዜ የራሱ አይሆንም። የአዳራሽ ኪራይ፣ ድምፅና ስክሪን፣ አስተርጓሚ፣ ጥበቃ፣ መጠባበቂያ ኃይል፣ ለሺህ ስልኮችና ላፕቶፖች የሚበቃ ዋይፋይ፣ ምግብ። (ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ የጾሙ ምግብ ከፍስኩ እኩል፣ ምናልባትም በልጦ እንዲዘጋጅ ማዘዝ የማያውቅ አዘጋጅ ከእንግዶቹ ግማሹን ያስርባል።) ይህን ሁሉ የከፈለው ድርጅት ደግሞ ከመክፈቻው ንግግር በኋላ ያለውን ምርጥ ሰዓት ይወስዳል። የክብር እንግዳው ከዘገዩ የሚቆረጠው የስፖንሰሩ ጊዜ ሳይሆን ከምሳ በፊት የነበረው የጥያቄና መልስ ጊዜ ነው። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይመስለኝም፤ አደረጃጀቱ ራሱ ወደዚያ ይገፋል።

የትንሹ መሰባሰብ ደካማ ጎን ሌላ ነው፤ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይቆማል። ያ ሰው ሲያገባ፣ ሥራ ሲቀይር ወይም ሲደክመው ነገሩ ይበተናል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ይካሄድ የነበረው ስትሬንጅ ሉፕ የተባለው የፕሮግራመሮች ጉባኤ በብዙዎች ዘንድ እየተወደደ በ2023 አበቃ። ታላቅነትም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ በላስ ቬጋስ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው ኮምዴክስ በገናናነቱ ጊዜ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍበት የነበረ ዐውደ ርእይ ነው፤ ከ2003 ወዲህ ግን በዚያ መልኩ አልተካሄደም። እዚህ ላይ ከእኛው ማኅበር የምንወስደው አለ፦ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር አንዱ አባል ባይመቸው ማኅበሩ አይፈርስም። የሰርቨር ጠባቂ መድረክም አስተባባሪው በየወሩ እየተቀያየረ ቢሄድ ዕድሜው ይረዝማል ብዬ አምናለሁ።

ታላቅ ሆኖ የትንሹን ጠባይ ስላልጣለ ጉባኤ ከተጠየቅሁ የምጠቅሰው በብራሰልስ በየዓመቱ የሚካሄደውን ፎስዴም ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የክፍት ሶፍትዌር ሠሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ ምዝገባም የለም። ዋናው ምሥጢር ግን አከፋፈሉ ነው፤ አንዱ ክፍል ለዳታቤዝ፣ ሌላው ለአንድ የፕሮግራም ቋንቋ እየተሰጠ፣ የየክፍሉን መርሐ ግብር የሚያወጡት የዚያው ሙያ ሰዎች ናቸው። ማዕከሉ የሚሰጠው ቦታና ጊዜ ነው። በእኛ አገር ታላላቅ ዝግጅቶች ላይ ይህን አሠራር እስካሁን አላየሁም፤ አዳራሹ በአንድ መድረክና በአንድ የመርሐ ግብር መሪ ነው የሚተዳደረው። ባሉን ታላላቅ አዳራሾች ውስጥ ጥቂት ክፍሎች ለእንዲህ ዓይነት ነፃ ውይይት ቢለቀቁ ወጪው እምብዛም አይጨምርም።

የቂሊንጦው መምህር

ሰርቨር ጠባቂ፣ ስለ ሪፖርቱ የጻፉት እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ጉዞውን መሰረዝ ሳይሆን ለተጓዡ ግዴታ መስጠት ነው። ተጓዡ ከመሄዱ በፊት የባልደረቦቹን ጥያቄዎች ሰብስቦ ይሂድ፤ የጉባኤውን መርሐ ግብር አይቶ ጥያቄው የሚመለከታቸውን ሰዎች አስቀድሞ በኢሜል ያግኛቸው፤ ሲመለስም በእርስዎው የቅዳሜ መድረክ ላይ ቆሞ ያቅርብ። ወደ ውጭ መውጣት ግዴታ ሁልጊዜ አውሮጳ መሄድም አይደለም። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ኬንያ ለመግባት ግን ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም፤ በናይሮቢ የሚካሄዱ የሙያ ስብሰባዎችም ብዙ ናቸው።

ለተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በሳይንሳዊ ጉባኤዎች ላይ የፖስተር ክፍለ ጊዜ የሚባል አለ፤ ተመራማሪው ሥራውን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አትሞ አጠገቡ ይቆማል፤ ተመልካቹም እየተዘዋወረ ያነጋግረዋል። ሰርቨር ጠባቂ ከትንሽ ክፍል የሚጠብቁት ግልጽነት እዚያ ቦታ ላይ አለ። «ይህ ዘዴ ለአማርኛ ለምን አልሠራም?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ከመድረክ የማያገኘውን መልስ ከፖስተሩ ሥር ያገኛል፤ ተመራማሪው ያልሞከረው ከሆነም አለመሞከሩን በቀጥታ ይነግረዋል፤ ያ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይሆናል። ከዋናው አዳራሽ ወንበር ሳይነሣ ውሎ የሚመለስ ተማሪ ግን በኢንተርኔት ሊያየው የሚችለውን ነገር አይቶ ተመለሰ ማለት ነው።

አዲስ ተመራቂ (የካ አባዶ)

ሰላም ለታላላቆቼ። በቅርቡ ተመርቄ ሥራ በመፈለግ ላይ ነኝ። የትራንስፖርት ገንዘብ ራሱ ስለሚያሳስበኝ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ብገደድ በየትኛው ብጀምር ትመክሩኛላችሁ? በታላላቅ ዝግጅቶች ላይ የሚሰጠው ሠርተፍኬት ለቅጥር ይረዳል ይባላልና።

የኮዬዋ ፕሮግራመር

ወንድሜ፣ እኔ ሰው ሲቀጠር በፈታኝነት እቀመጣለሁ። የተሳትፎ ሠርተፍኬት አይቼ ለአመልካች ነጥብ ጨምሬ አላውቅም። የምጠይቀው የሠራኸውን አሳየኝ ብዬ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሹ ጀምር፤ ግን ለማዳመጥ ብቻ አትሂድ። አነስ ያለ ነገር ሠርተህ፣ አሥር ደቂቃ ተፈቅዶልህ አሳይ፤ የሚሰጥህን አስተያየት ተቀብለህ አስተካክል። ከዚያ በኋላ ወደ ታላቁ ስትሄድ «ምን ትሠራለህ?» ለሚልህ ሰው የምታሳየው ነገር በስልክህ ላይ ይኖርሃል። ነፃ መግቢያ ያላቸውንም ታላላቅ ዝግጅቶች አትለፍ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዓለም የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በመዲናችን በኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) አዳራሽ ሲካሄድ ምዝገባው ያለ ክፍያ ነበር፤ ብዙ ወጣቶች ግን ክፍያ ያለው መስሏቸው ቀሩ።

ሰርቨር ጠባቂ፣ ስለ ሥርዓቱ የጠየቁኝን አቀርባለሁ። አቅራቢዎቹ ከወር በፊት ይታወቁ፤ ከሁለት አቅራቢዎች አንዱ ከዚህ በፊት ያላቀረበ ሰው ይሁን፤ ልጅ ይዞ የሚመጣ ወላጅ አይከልከል፤ ስብሰባውም 11 ሰዓት ላይ ያለ ማራዘም ያብቃ። የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ሰርቨር ጠባቂ (ቱሉ ዲምቱ)

አራቱንም ተቀብያለሁ። ለመሥሪያ ቤቴ የማቀርበው ሐሳብ የገንዘቡ አብላጫ ለቅዳሜው መድረክ እንዲሆን፣ ቀሪው ደግሞ አንድ ባልደረባችን መምህር በዘረዘሩት ግዴታ መሠረት ናይሮቢ ደርሶ እንዲመለስ ነው። አለቆቼ ዱባይን ይመርጡ ይሆናል፤ እኔ ግን ይህንኑ ይዤ እገባለሁ። የጎሮው ወንድማችንም ፈቃዳቸው ከሆነ ስለ ዲስኮችና ስለ ዩፒኤስ በምንወያይበት ዕለት ዕቃዎቹን ይዘው ቢመጡ ደስ ይለናል፤ በእጅ ይዞ ማየቱ ለእኛም ያስፈልገናል።

የመጀመሪያው ርእስ የዘመን አቆጣጠር ልወጣ ይሁን። እያንዳንዱ ሰው በመሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበትን ኮድ በጳጉሜን 6 ቀን 2015 እና በመስከረም 1 ቀን 2016 ፈትኖ ውጤቱን ይዞ ይምጣ፤ የድርጅት ስም መጥቀስ አያስፈልግም።

የቂሊንጦው መምህር

ለቅዳሜው መድረክ በማስተምርበት ግቢ የመማሪያ ክፍል ለማስፈቀድ ከመሥሪያ ቤትዎ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልገኛል፤ ደብዳቤው የስብሰባውን ዓላማ፣ ዕለቱንና የተሰብሳቢውን ግምት ይግለጽ። በግቢው በር ላይ መታወቂያ ስለሚጠየቅ የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር እስከ ሐሙስ ይድረሰኝ። ክፍሉ ስልሳ ሰው ይይዛል፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመድ ግን አይበቃም፤ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።